አሥሩ የኤልቃና ጣቶች

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ትናንት ኤልቃና ሳተ። ይህን መጻፍ ራሱ ከበደኝ። ኳየሩን መምራት ከጀመርኩ ወዲህ ሶፕራኖዎቹ ሲጣሉ፣ ከበሮ መቺው ሲያንቀላፋ፣ በመዝሙር መሃል መብራት ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ኤልቃና ኪቦርድ ላይ ሲሳሳት ግን ሰምቼ አላውቅም። በሌላ መዝሙር ቢሆን እንኳ እሺ። የሳተው ራሱ በደረሰው፣ በ«የማለዳው ደጅ» መግቢያ ላይ ነው።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን ያንን መግቢያ የማያውቅ የለም። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ያፏጩታል። ዘማሪ አፉን ሳይከፍት ኪቦርዱ ብቻውን ይሄዳል፤ ቀኝ እጁ ሲወርድ ግራው ይወጣል፣ መሃል ላይ ተገናኝተው ሰላም ይባባላሉ፣ በመጨረሻ በቀኝ ትንሿ ጣቱ አንዲት ቀጭን ድምፅ ከላይ ጣል ያደርግና እኛ እንገባለን። ያቺን ድምፅ ስሰማ ሁልጊዜ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ሌሎች ሲጫወቱት ሰምቻለሁ፤ ኖታው ያው ነው፣ ነገሩ ግን የለም።

«ምን ሆንክ?» ስለው «ቁልፉ ይይዛል» አለኝ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቁጭ ብዬ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ጫንኳቸው። አንድም የሚይዝ የለም።

መስከረም 4 የኳየራችን ሃያኛ ዓመት ነው። ጥሪው ተበትኗል። መዝጊያው «የማለዳው ደጅ» ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ይህን የምጽፈው ከምሠራበት የትኬት መስኮት ሆኜ ነው። ላምበረት መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ። የደሴው አውቶቡስ ዘገየና ሰው ሁሉ እኔን ይሰድባል፤ የምነዳው እኔ ይመስል።

ትናንት በልምምድ እረፍት ሁሉም ውሃውን ሲጠጣ ኤልቃና ሃይላንዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አትጠጣም?» «አልጠማኝም።» ከንፈሩ ደርቋል። ዘወር ስል ክዳኑን በጥርሱ ነክሶ ሲታገል በመስኮቱ መስታወት አየሁት። አልተከፈተለትም። መልሶ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

ሰልፉ ረዘመ። ማታ እቀጥላለሁ።

ማታ

ለውዴ ነገርኳት። ውዴ አልቶ ናት፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ምላሷ ምላጭ። «ብርድ ነው» አለች። «እንጦጦ ሥር እየኖረ፣ ሌሊቱን ስቱዲዮ እያደረ፣ እሱን ያልመታ ብርድ ማንን ይምታ?» ፌጦ በሎሚ አዘዘችለት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች «አንቺ ግን የሶፕራኖዋ ጉሮሮ ሲዘጋ እንዲህ አልደነገጥሽም» አለችኝ።

ኪቦርድ የሌለው ኳየር ምን ይሆናል? ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ከአምልኮ በኋላ ሽቅብ አብሬው ወጣሁ። ቤቱ ከአዳራሻችን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነው፤ ከአባቱ ከጋሽ ኃይሉ ጋር ይኖራል። ጋሽ ኃይሉ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔ ናቸው። መንገዱ ያዳልጣል፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ ጥግ ይዘን አሳለፍናቸው።

«ወንድም ኤልቃና፣ እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ወንድም የምለው ስቆጣ ነው።

ከኪሱ አወጣቸው። የጣቶቹ አንጓ ሁሉ አብጧል፣ ሁለቱም እጅ እኩል። «ጠዋት ጠዋት የኔ አይደሉም» አለ። «ስነሣ ተጨብጠው አገኛቸዋለሁ፤ እስከ ረፋድ አይፈቱም። ሸሚዜን የሚቆልፍልኝ አባቴ ነው።» ከዚያ ሳቀ። «ሸማኔ አባት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ አንድም ቁልፍ አይዘልም።»

ከመቼ ጀምሮ? ከፋሲካ በፊት። ከፋሲካ በፊት! በዚህ እጅ ነው እኛን ሲያጅብ፣ ስቱዲዮ ሲሠራ፣ ልጆች ሲያስተምር የከረመው። እንጀራውም በእጁ ነው፣ ደስታውም በእጁ ነው፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብንም። እኔ ጥርሴን ሲያመኝ ላምበረት በሙሉ ያውቃል።

ሐኪም ቤት እንዲሄድ ቃል አስገባሁት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ሆስፒታል ሄድኩ። ደሙ ባለፈው ሳምንት ተመርምሮ ስለነበር ዛሬ ውጤቱን ሰማን። ዶክተር ሀዊ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም የሚበልጥ አይመስልም። እጁን ይዛ አንጓዎቹን በሁለት ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። እሱ ፊቱን አላጨማደደም፤ ከንፈሬን የነከስኩት እኔ ነኝ።

«ሰዎች ብርድ ነው ይሉኛል፣ ዶክተር።»

«ብርድ ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም። ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ኃይል አለው። ያንተ ተሳስቶ የራስህን መገጣጠሚያ ነው የሚዋጋው።»

«ይድናል?»

«ጨርሶ አይጠፋም። እንዲተኛ ማድረግ ግን ይቻላል፤ ከተኛልህ ትጫወታለህ። አጥንትህ ገና አልተነካም።»

ሁለት መድኃኒት አዘዘችለት። ዋናው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው፣ ግን ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ይፈልጋል። ሌላው በየቀኑ የሚዋጥ፣ እስከዚያው እብጠቱን የሚያወርድ። «ይሄኛው በሁለት ቀን ዳንኩ ያስብልሃል» አለች፣ ጣቷን አንሥታ። «እንዳትታለል። እኔን ሳትጠይቅ በድንገት እንዳታቆመውም።»

ኤልቃና ሁሉንም እንደ ተማሪ ደገመላት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «እጄ እስኪመለስ በጆሮዬ ብለማመድ ይጎዳኛል?» ዶክተሯ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችውና «አይጎዳህም» አለች። ሌላው ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው እያለ ያለቅስ ነበር።

ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ጌታ ይባረክ! ትናንት በአርብ ጸሎት ላይ ኤልቃና «እጄን አሞኛል» ብሎ ተነሣ፤ ከዚያ ያለፈ አልተናገረም። ሁላችንም እጃችንን ጭነን ጸለይንለት። ዛሬ ጠዋት ደወለልኝ። «ሸሚዜን ራሴ ቆለፍኩ» አለ፤ ይህን ብቻ። መስኮቱ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ወደ ወልድያ የሚሄዱ አንዲት እናት ሰው የሞተብኝ መስሏቸው መሐረባቸውን ሰጡኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ዛሬ ማይኩን ያዝኩና መሰከርኩ። አላሰብኩበትም፤ አፌ ቀደመኝ። ጌታ የወንድማችንን የኤልቃናን እጅ ፈወሰ አልኩ። እልልታው የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሣው ነበር። ፓስተር ሲሞን ኤልቃናን አቅፈው ወደ ኪቦርዱ ወሰዱት፣ እሱም «የማለዳው ደጅ»ን ተጫወተ። እንዴት አድርጎ! ትንሿ ጣቱ ያቺን የላይኛዋን ድምፅ ስትጥል እኔ መግባት ረሳሁ፣ ሶፕራኖዎቹም እኔን እያዩ ረሱ።

ሲጨርስ ወደኔ አየ። ፈገግ አላለም። ደክሞት ይሆናል።

ስለ ክኒኑ አልተናገርኩም። ማንስ ጠየቀኝ? ደግሞ ለማንም አትናገሪ ያለኝ ራሱ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ትናንት ከልምምድ ስወጣ ከአጥሩ ጀርባ ሁለት እናቶች ያወራሉ።

«የተፈወሰ ሰው ፋርማሲ ምን ይሠራል?»

«ማን?»

«ኤልቃና ነዋ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ክኒን ገዝቶ ሲወጣ።»

«ታዲያ ያቺ የመሰከረችው ምን ልትል ነው?»

ያቺ። ዘልዬ ገባሁ። «የገዛው ለአባቱ ነው» አልኩ። «ጋሽ ኃይሉን ትንሽ አሟቸዋል።» ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እነሱም እግዜር ይማራቸው ብለው ሄዱ።

ኋላ ለኤልቃና እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። «እንዲህ አልሻቸው?» አለ። ከዚያ «ይሁን» አለ።

ምኑ ነው ይሁን?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዝናብ። የኮምቦልቻው መኪና ጎርፍ ይዞት ቆመ። ኤልቃና ለነገው ልምምድ እንደማይመጣ ነገረኝ፤ ጉንፋን ነው አለ። መልእክቱን የላከው በድምፅ ነው። ድሮ ይጽፍልኝ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ዛሬም የለም። ኪቦርዱ በጨርቁ እንደተሸፈነ ቆሞ ዋለ። ፓስተር ሲሞን «ወንድማችን ደህና ነው?» ሲሉኝ «ጉንፋን ነው፣ ፓስተር» አልኳቸው። ውዴ ከኋላዬ ቆማ «የዳነ ሰው ጉንፋኑ ጠነከረበት» አለች፣ በጆሮዬ።

መስከረም 4 ደግሞ አይቆምልኝም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እነሱ ቤት ሄድኩ። እንጦጦን ጉም ውጦታል፣ ጭቃው አንድ ጫማዬን ነጥቆኝ በእጄ ነው ያወጣሁት። ጋሽ ኃይሉ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ይሸምናሉ። ሲያዩኝ መወርወሪያውን አስቀመጡ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ኃይሉ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ፤ የታመምኩት መቼ ነው? ሰፈሩ በሙሉ ተሻለዎት ወይ ይለኛል። አንዷማ ማር ይዛልኝ መጣች።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ማሩን በልቼዋለሁ» አሉ፣ እንዳልሸማቀቅ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ክኒኑን ትቶታል። የዳነ ሰው ክኒን አይገዛም ተባለ፤ እሱም አንቺ ውሸታም እንዳትባዪ ብሎ መግዛቱን ተወ። እኔ ነገርኩሽ አትበዪው።»

ኤልቃና እቤት ውስጥ እጆቹን ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሳፋ ነክሮ ተቀምጧል። ሲያወጣቸው ሊጥ ይመስላሉ። የቀኝ ትንሿ ጣቱ ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ታች ተንጠልጥላለች።

«አንሣት እስቲ።»

«ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብላለች።»

«መድኃኒቱን ለምን ተውከው?»

«ለሆዴ አልተስማማውም» አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኤልቃና መዋሸት አይችልም። የምችለው እኔ ነኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ እኔም እኮ ሰምቻለሁ። ጎኑ ተቀምጬ፣ አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። እንዲድን በጣም ስለፈለግኩ የሰማሁትን አልሰማሁም። እሱ ደግሞ እኔን ብሎ እጁን ሰጠ፣ ያን እጅ! አንድ ቃል ሳይወቅሰኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ይፈጠራል? ልተኛ ብሞክር ያቺ ጣት ትመጣብኛለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ዶክተር ሀዊ ተቆጣች። ተገቢ ነው። መድኃኒቱን እንደገና አስጀመረችው፣ መጠኑን ጨምራ። ትንሿን ጣት ደጋግማ አየቻት። በእብጠቱ ምክንያት ጅማቷ ተበጥሷል። ወደፊት ቀዶ ጥገና ሊሞከር ይችል ይሆናል፤ እንደ ድሮው ትሆናለች ብላ ግን ቃል አልገባችም። ሌሎቹ ዘጠኙ መድኃኒቱን ካላቋረጠ ተስፋ አላቸው።

«ባያቋርጥ ኖሮ አትበጠስም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። እሱ «ተዪው» አለኝ። ዶክተሯ «እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም» አለች። ይህን ያለችው ለኔ አዝና እንደሆነ ገባኝ።

ታክሲ ውስጥ እያዜመ ነበር። በጆሮው እየተለማመደ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ዛሬ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ነበር። የምለውን ሌሊቱን ሳጠናው አደርኩ። መዝሙሩ እንዳለቀ ወደ ማይኩ ስሄድ ኤልቃና ቀደመኝ። እጁን ከኪሱ አወጣና እንዳለ፣ ከነእብጠቱ፣ ለሁሉም አሳየ።

«ባለፈው ወር በዚህ እጅ ተጫውቼላችኋለሁ» አለ። «ጸልያችሁልኛል፣ አመሰግናለሁ፤ ጸሎታችሁ ብርታት ሆኖኛል። ግን ያን ቀን መድኃኒት ውጬ ነበር። መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። እህቴ የመሰከረችው ያየችውን ነው፤ ጥፋቱ ዝም ያልኩት የኔ ነው። ከዚያ አፍሬ መድኃኒቱን አቆምኩ፣ ይኸው እንዲህ ሆንኩ። አሁን ጀምሬዋለሁ። ጌታን አምናለሁ፣ ክኒኔንም እውጣለሁ።»

 ጥፋቱን በሙሉ በራሱ ላይ ጫነው። አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ፓስተር ሲሞን ተነሡና ኮታቸውን ገለጥ አድርገው ከኪሳቸው ትንሽ ቦርሳ አወጡ።

«የስኳር መርፌዬ ናት» አሉ። «እሷን ሳልወጋ አንድም እሑድ ሰብኬላችሁ አላውቅም። ይኸው ነገርኳችሁ፤ ጌታ ደግሞ ከናንተ ቀድሞ ያውቃል።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከኋላ «አሜን» ያሉት እናት ከአጥሩ ጀርባ ካወሩት አንዷ ናቸው። ማሩን ያመጡትም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከአምልኮ በኋላ ለፓስተር የኔን ድርሻ ነገርኳቸው፣ የጋሽ ኃይሉን በሽታ ጭምር። «ለጋሽ ኃይሉ ማር ግዢላቸው» አሉኝ። «ያንኛው አልቆባቸዋል።»

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ትናንት ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ጠርተውኝ ነበር። በበሩ ስገባ አንዱ «ለበዓሉ እጅ ያለው ሰው ያስፈልገናል» ሲሉ ሰማሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሉትም ልክ ነው። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ፊራኦል የሚባል ኪቦርዲስት እንጋብዝ ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ። ምን ላድርግ? ኳየሩ አደራዬ ነው።

ሽቅብ ወጥቼ ራሴ ነገርኩት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ብዬ። «ፊራኦል ጥሩ ነው» አለኝ፣ ወዲያው። «ግራ እጁ ይቸኩላል እንጂ። ይምጣ፣ አሳየዋለሁ።»

ስወርድ መንገዱን በእንባ ነው ያየሁት። ውዴ ካየችኝ አለቀልኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ፊራኦል መጣ። ረጅም፣ ጨዋ ሰው። ኤልቃና ጎኑ ተቀምጦ ያለ እጅ አስተማረው፤ በዜማ፣ በቅንድብ፣ በጉልበቱ እየመታ። ፊራኦል ተጫውቶ ሲጨርስ ሁሉም አጨበጨበ። አንድም ስሕተት የለም። እሱ ግን አንገቱን አቀረቀረ።

«ኪቦርድ የጀመርኩት ይህን መግቢያ ሰምቼ ነው» አለ። «እስከዛሬ አልወጣልኝም። ዛሬም አልወጣልኝም።»

ኤልቃና «ለኔም አንዳንዴ ነበር የሚወጣልኝ» አለው። ውሸት ነው። ይህኛውን ግን ጥሩ አድርጎ ዋሸ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ወደ እነ ጋሽ ኃይሉ ወጣሁ። ክኒኑን መዋጡን ላረጋግጥ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለመስቀል የሚደርስ ሥራ በዝቶባቸው የአገራቸው ሰዎች ሊያግዟቸው ተሰብስበዋል። ሥራው ሲቆም ዜማው ጀመረ። ዶርዜዎች ሲያዜሙ ከሩቅ ሰምቼ አውቃለሁ፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ማየት ግን ሌላ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አይልም። እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው፤ አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው በቀረችው ክፍተት ይገባል። ማንም የማንንም አይነካም።

«አባዬ፣ አንተ የትኛው ነህ?» አላቸው ኤልቃና።

«እኔ ከታች የምመጣው ነኝ። የኔን ሳይሰማ ያኛው አይነሣም።»

«ሁሉንም አንድ ሰው ቢለውስ?»

ጋሽ ኃይሉ ግራ ገባቸው። «ለምን ብሎ? ሰው እያለ?»

 ኤልቃና ያበጡትን ጣቶቹን ዘረጋና ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ አያቸው፤ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እንዲህ ሲሆን አውቀዋለሁ፤ «የማለዳው ደጅ» የመጣለት ቀን እንዲህ ነበር፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከጎኔ።

እኔ ዝም ማለት ስለማልችል «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው» አልኩ።

«እናንተ ደግሞ ሸማኔ ስታዩ ሌላ ተረት አይመጣላችሁም» አሉኝ ጋሽ ኃይሉ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ትናንት ልምምዱ ጉድ ነበር። ኤልቃና መግቢያውን ኪቦርድ አይጫወተውም ብሎ ተነሣ። እኛ ልንለው ነው! አሥር ሰው፣ አሥር ጣት። አንድ ሰው አንድ ጣት ይሆናል፤ ያ ጣት የሚነካውን ድምፅ ብቻ፣ ተራው ሲደርስ ብቻ ይላል። ፊራኦል ግጥሙ ሲጀመር በኪቦርድ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም የታመመው እጁ ብቻ መሆኑን ለአፍታ ተጠራጠርኩ።

ከዚያ ሰዎቹን ለየጣቱ መረጠ። በድምፃቸው ብቻ አይደለም፤ በጠባያቸው ነው። ውዴን የግራ አውራ ጣት አደረጋት።

«ስለወፈርኩ ነው?»

«ስለማትነቃነቂ ነው።»

ውዴ ሳትከራከር ሄዳ ቦታዋን ያዘች። ይህም በሕይወት ዘመኔ ለማየት የበቃሁት ነገር ነው።

ሲጀመር ገበያ ሆነ። የአንዱን አንዱ ይነጥቃል፣ ከበሮ መቺው ሌባ ጣት ሆኖ ሁለት ጊዜ ይገባል። ኤልቃና አንዴም አልተቆጣም። እኔ ብሆን ግማሹን አባርሬ ነበር። ሲመሽ ለአንድ ትንፋሽ ያህል መጣልን፤ ግራው ሲወጣ ቀኙ ሲወርድ መሃል ላይ ተገናኙና ሰላም ተባባሉ። ሁላችንም ደንግጠን አቆምን።

የመጨረሻዋ፣ የላይኛዋ ድምፅ የሚላት ሰው የላትም። «ትንሿ ጣት ማን ናት?» ስለው «ትመጣለች» አለኝ። ከሌላ ኳየር ሶፕራኖ ሊጠራ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ላምበረት ሰው አገር ቤት ለመግባት ይጋፋል። ድምፄ ሻክሯል፣ ስንቱን ተሳፋሪ «መኪና ሞልቷል» እንዳልኩ። ከዚያ ወደ ልምምድ።

ኤልቃና ዛሬ የሸሚዙን ቁልፎች ከታች እስከ ሦስተኛው ራሱ ቆልፏል። ዋናው መድኃኒት ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ይህን የነገረኝ እንደ ትልቅ ዜና ነው፤ እኔም እንደ ትልቅ ዜና ተቀበልኩት።

ባዶዋ ቦታ አሁንም ባዶ ናት። «በዓሉ እኮ እሑድ ነው» አልኩት። «የምትመጣው ሶፕራኖ መቼ ልትለማመድ ነው?»

«እየተለማመደች ነው» አለ። «ነይ፣ ጫፉ ላይ ቁሚ።»

«እኔ መሪ ነኝ!»

«ለአንድ ደቂቃ መሪው እኔ ነኝ። አንቺ ጣት ነሽ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቀረብ ብዬ በሹክሹክታ «ሌላ ጣት ስጠኝ» አልኩት። «ያቺን እኮ እኔ ነኝ…»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ለዚህ ነው አንቺ የምትጠብቂያት።»

ሄጄ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ውዴ ከመሃል ሆና አንገቷን አስግጋ ታየኛለች። ሳትናገር ልትፈነዳ ደርሳለች።

እሑድ፣ መስከረም 4 ቀን 2018

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በጭቃው ውጭ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ክረምት በኋላ። ጋሽ ኃይሉ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ራሳቸው የሸመኑትን ነጠላ ለብሰው። እኔ የገዛሁላቸው ማር እንዳልተከፈተ ነግረውኛል፤ እስክታመም አስቀምጬዋለሁ ብለው።

መዝጊያው ደረሰ። አሥራችን በተርታ ቆምን። ኤልቃና ከፊታችን ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። አልደበቃቸውም። ቅንድቡን አነሣ፣ ውዴ ጀመረች። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። እሱ ያየው ሰው ድምፁ ይወጣል፤ ዓይኑ ከሰው ሰው ሲሄድ ጣት በቁልፍ ላይ ሲሄድ የማይ መሰለኝ። ከኋላ አንድ ሰው «ኪቦርዱ የታለ?» ሲል ሰማሁ። ፊራኦል እጁን አጣጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል።

ተራዬ ሲቀርብ እንደ ልማዴ ልቸኩል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ኤልቃና አየኝ፤ ገና ነው በሚል ዓይን። ጠበቅኩ። ሕይወቴን በሙሉ ጠብቄ አላውቅም፤ ያቺን ያህል ግን ጠበቅኩ። የእሱ ቀኝ እጅ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ትንሿ ጣቱ ወድቃለች፣ አትነሣም። ከዚያ ዓይኑ እሺ አለኝና ድምፄን ጣል አደረግኋት። ሻካራ ነበረች፣ የትኬት መስኮት ድምፅ። ግን በቦታዋ ወረደች። ኳየሩ ገባ፣ ፊራኦል ገባ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ። ጋሽ ኃይሉ አልተነሡም፤ የልጃቸውን እጅ ብቻ ያያሉ።

ሲያልቅ ሰው መድረኩ ላይ ወጣ፣ እቅፍ፣ ለቅሶ፣ ፓስተር ሲሞን የሚሉት አይሰማም። ኤልቃና ከወንበሩ ሥር ጎንበስ አለና ሃይላንዱን አወጣ። አዳራሹ በሙሉ እያየው፣ ማይኩ ፊቱ እንደተከፈተ እያወቀ፣ በሁለት መዳፉ ወደኔ ዘረጋው።

«ጠምቶኛል» አለኝ። «ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩለት። ግማሹን ጠጣና ቀሪውን ለኔ ሰጠኝ።